ከሕፃናቱ ሳይለዩ ወደ ዲግሪ፦ ልምድ ያላቸው የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህራን ሊያውቁት የሚገባ

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ወደ አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘለቀ ሰው ከሩቅ የሚሰማው የአንድ ክፍል ድምፅ ነው። ከእናቱ ነጠላ አልላቀቅም ያለ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሌላው የታላቅ እህቱን ክፍል ፍለጋ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ሌላዋ ደግሞ መደብ ላይ ተቀምጣ ቃል ሳትተነፍስ ዙሪያውን ትቃኛለች። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ያው ክፍል ይረጋጋል። ሠላሳ፣ አርባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ሕፃናት በአንዲት መምህርት ዙሪያ ክብ ሠርተው ሲዘምሩ ይሰማል። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ትዕግሥትና ዕውቀት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል።

ይሁንና በብዙ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ዝርዝር ላይ በትምህርት ደረጃ ከታች የምትገኘው ይህችው መምህርት ናት። ከጎኗ ባለው ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባዋ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ሲኖረው፣ እርሷ በእጇ ያለው ብዙውን ጊዜ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ማስረጃ፣ የአንድ ዓመት የምስክር ወረቀት ወይም ዲፕሎማ ነው። ስምንት፣ አሥር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ከሕፃናት ጋር ከኖረች በኋላ «ዲግሪዬን ልቀጥል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣባትም ለዚህ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የመግቢያ መስፈርት ከማሟላት ያለፈ ነው። የትኛውን የትምህርት ዘርፍ? በየትኛው መርሐ ግብር? ክረምቱን ሙሉ ከቤት ርቆ መክረም ለአርሶ አደር ቤተሰብ ምን ያስከፍላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ዲግሪው ሲገኝ መምህርቷ ከሕፃናቱ ጋር ትቆያለች ወይስ ትለያለች? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጉዳዮች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሙያው ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ሕፃናትን ከመደበኛው ትምህርት በፊት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ቤት ገና በለጋ ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ልጆች ፊደልና ንባብ ሲያስተምሩ ዘመናትን አስቆጥረዋል። በዘመናዊ መልኩ የመጀመሪያው አፀደ ሕፃናት የተከፈተው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ በድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ የሚመጣውን የባቡር ሐዲድ ይሠሩ ለነበሩ የውጭ አገር ዜጎች ልጆች እንደሆነ ይነገራል።

ስያሜው ራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው የትምህርት ሰው ፍሬድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ለሕፃናት የከፈተውን ተቋም፣ በ1840 «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። የእኛው «አፀደ ሕፃናት»ም ያንኑ ይላል፤ አፀድ ማለት ተክል የሚለማበት ቦታ ነውና። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሕፃን እንደ ቡቃያ እንደ ጠባዩ ተይዞ፣ በጊዜው ተኮትኩቶ የሚያድግ እንጂ በኃይል ተጎትቶ የሚረዝም አይደለም። ኮትኳቹም የቡቃያውን ጠባይ ማወቅ አለበት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን አስፈላጊነት ቢያነሣም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማት፣ ለማኅበረሰቡና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ነበር። በዚህም ምክንያት አፀደ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የከተማ ልጆች ዕድል ሆኖ ቆየ። ለውጥ የመጣው በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ በኋላ ነው። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» የሚባለው የአንድ ዓመት መሰናዶ መስፋፋት ጀመረ።

የመስፋፋቱ ፍጥነት ከፍተኛ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል የተሳትፎ ምጣኔ በአገር አቀፍ ደረጃ 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ወደ 34 በመቶ ደርሷል። ክፍል በዚህ ፍጥነት ሊከፈት ይችላል፤ መምህር ግን በዚህ ፍጥነት ሊሠለጥን አይችልም። ስለዚህ በየቀበሌው ክፍሉን የተረከቡት ብዙዎች ለሌላ የክፍል ደረጃ የሠለጠኑ መምህራን ወይም በአጭር ሥልጠና የገቡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአንዳንድ ቦታዎች ክፍያቸውን የሚሸፍነው የወላጆች መዋጮ ነበር። ዛሬ «ልምድ ያላቸው» የምንላቸው የገጠር የሕፃናት መምህራን በአብዛኛው የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ሙያውን የተማሩት በሥራው ውስጥ ነው።

ልምድ የሚያውቀው፣ ትምህርት የሚጨምረው

አሥር ዓመት ከሕፃናት ጋር የቆየች መምህርት፣ የሚያለቅስ ልጅ ርቦት ይሁን፣ አሞት ይሁን፣ እናቱ ናፍቃው ይሁን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። በባቄላና በጠጠር ቁጥር ታስተምራለች፤ በጭቃ ፊደል ታስቀርጻለች፤ ተረት ስትጀምር ክፍሉ ጸጥ እንዲል ድምፅዋን መቼ ዝቅ እንደምታደርግ ታውቃለች። ይህን ዕውቀት የትኛውም የትምህርት ተቋም በአንድ መንፈቅ ዓመት ሊሰጥ አይችልም።

ታዲያ ዲግሪ ምን ይጨምራል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ውኃ ከሰፊ ጣሳ ወደ ረጅምና ጠባብ ጠርሙስ ሲገለበጥ የአምስት ዓመት ልጅ «በዛ» ይላል። ልምድ ያላት መምህርት ይህን ብዙ ጊዜ አይታ ይሆናል፤ ምናልባትም «ተሳስተሃል» ብላ አርማዋለች። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ግን ይህ ስሕተት የስንፍና ምልክት ሳይሆን በዚያ ዕድሜ ያለ አእምሮ የሚያስብበት መንገድ መሆኑን አሳይቷል። ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) የተባለው የሶቪየት የሥነ ልቦና ሊቅ በበኩሉ፣ ልጅ ዛሬ በሰው ድጋፍ የሚሠራውን ነገ ብቻውን እንደሚሠራው፣ መምህርም ትኩረቱን እዚያ ድንበር ላይ ማድረግ እንዳለበት አስተምሯል። መምህርቷ ይህን ስትማር አዲስ ነገር የሰማች ላይመስላት ይችላል። በእጇ ስታደርገው የኖረችውን ነገር ምክንያቱን ታገኝለታለች። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ዘዴው ያልሠራ ዕለት ሌላ ዘዴ መፈለግ ይችላል፤ ለአዲስ ባልደረባም ማስረዳት ይችላል።

ሁለተኛው ጭማሪ ልዩ ፍላጎትን የመለየት ችሎታ ነው። «አይታዘዝም» ተብሎ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የመስማት ችግር ያለበት ሊሆን ይችላል። ፊደል የማትለየው ልጅ ችግሯ የዓይን ሊሆን ይችላል፤ ትራኮማ ሰፊ የጤና ችግር ሆኖ በቆየባቸው የአማራ ክልል ገጠሮች ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። ሌላው በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ በክፍሉ ከሚነገረው የተለየ በመሆኑ ብቻ ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስት ልጆች በአንድ ዓይን የሚያይ ክፍል ሦስቱንም ያጣቸዋል።

ሦስተኛው ምልከታን በጽሑፍ የመያዝ ልማድ ነው። ልምድ በአእምሮ ውስጥ ይኖራል፤ መምህርቷ ስትዛወር አብሯት ይሄዳል። የእያንዳንዱን ልጅ ዕድገት በቀንና በአጭር ማስታወሻ መዝግቦ መያዝ፣ ለወላጅ በማስረጃ መናገር፣ ለአንደኛ ክፍል መምህሩ ማስተላለፍ በትምህርት የሚገኝ ክህሎት ነው።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ጥናት ለዚህ ብዙ ጊዜ በአስረጅነት ይጠቀሳል። ጥናቱ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ሕፃናትን በሁለት ቡድን ከፍሎ እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በኋላ ተከታትሏል። ጥራት ያለው የቅድመ ትምህርት ዕድል ያገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማጠናቀቅና በገቢ ከሌሎቹ ተሽለው ተገኝተዋል። መምህራኑ በዘርፉ የተማሩ ነበሩ፤ በየሳምንቱም ወደ ልጆቹ ቤት እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይነጋገሩ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ዲግሪ ብቻውን ለክፍል ጥራት ዋስትና እንዳልሆነ አመልክተዋል። ውጤት የሚያመጣው ትምህርቱ ከክፍሉ ሥራ ጋር ሲገናኝ ነው።

የመግቢያ በሮች

የምስክር ወረቀት ብቻ ያላት መምህርት የመጀመሪያ እርምጃዋ ብዙውን ጊዜ ዲፕሎማ ነው። ይህንንም በክልሉ በሚገኙ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች መከታተል ይቻላል። ዲፕሎማ ያላት ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዱ ሦስት መንገዶች አሏት።

የመጀመሪያው የክረምት መርሐ ግብር ነው። መምህርቷ ዓመቱን ሙሉ እያስተማረች፣ ሐምሌና ነሐሴን በዩኒቨርሲቲ ታሳልፋለች፤ በመካከሉም በየቤቷ የምትሠራቸው የቤት ሥራዎች ይሰጧታል። በትምህርት ቢሮ ድጋፍ የሚላኩ መምህራን ወጪያቸው በከፊልም ሆነ በሙሉ ሊሸፈንላቸው ይችላል፤ በምትኩም ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይፈርማሉ። ሁለተኛው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ነው። ይህ ከዩኒቨርሲቲ ከተማ አቅራቢያ ለሚኖሩ የሚመች ሲሆን፣ ክፍያው በአብዛኛው ከራስ ኪስ ነው። ሦስተኛው ፈቃድ ወስዶ በመደበኛው መርሐ ግብር መማር ነው። ፈጣን ቢሆንም፣ ደመወዝ ሊቋረጥ ስለሚችል ቤተሰብ ላላት መምህርት ከባዱ መንገድ ነው።

ከመንገዱ ምርጫ ይልቅ ክብደት ያለው የትምህርት ዘርፉ ምርጫ ነው። ብዙ የሕፃናት መምህራን ባገኙት ክፍት ቦታ ይገባሉ፤ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ሥነ ዜጋ፣ የትምህርት አመራር። ዲግሪ ዲግሪ ነው በሚል ስሌት የሚደረገው ይህ ምርጫ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል። ዲግሪው በሌላ የትምህርት ዓይነት ከሆነ ምደባውም ወደዚያው ይሆናል፤ አለበለዚያም ማስረጃው ከሥራ መደቡ ጋር አይዛመድም ተብሎ ለደረጃ ዕድገት ላይያዝ ይችላል። በቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ዘርፍ ዲግሪ የሚሰጥ ተቋም ቢርቅም፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው። እርሱ ካልተገኘ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ወይም ሥነ ልቦና ከሕፃናቱ ክፍል ጋር የሚቀራረቡ ዘርፎች ናቸው። በሁለቱም ላይ ግን ወረዳው ማስረጃውን ለቅድመ አንደኛ ደረጃ መደብ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የቀድሞ ማስረጃዎች ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገሉ ብዙ መምህራን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ኮሌጅ የገቡ ናቸው። ማስረጃቸው ዛሬ ካለው የትምህርት እርከን ጋር እንዴት እንደሚታይ የሚወሰነው በየዓመቱ በሚወጣው የቅበላ መመሪያ ነው። ስለዚህ አምና የገባች ጓደኛ የነገረችው መስፈርት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል፤ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማንበብ ግድ ነው።

ክረምቱ የማን ነው?

የክረምት መርሐ ግብር ሲታቀድ የታሰበው መምህር ክረምት ላይ ሥራ ይፈታል በሚል ነው። ለገጠር መምህርት ግን ይህ እውነት አይደለም። ብዙዎቹ አርሶ አደር አግብተው፣ ወይም ከወላጆቻቸው ጋር እየኖሩ፣ የእርሻው አካል ናቸው። ሐምሌ የጤፍ መሬት ተደጋግሞ የሚታረስበት፣ ዘር የሚዘራበት፣ በቆሎው የሚታረምበትና የሚኮተኮትበት ወር ነው። ነሐሴ ሲገባ የጤፍ አረም ይደርሳል። አረም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ጉልበት የሚፈስበት ሥራ ነው፤ በሳምንት የዘገየ አረም ምርት ይቀንሳል። መምህርቷ ዩኒቨርሲቲ ስትከርም ያ ጉልበት ከማሳው ይጎድላል፤ ወይ በደቦ መተካት አለበት፣ ወይ በገንዘብ።

ገንዘቡ ደግሞ በዚያው ወቅት የሚጠፋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚሟጠጥበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ተገዝቷል፤ በጉም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ካልሆነ አይሸጥም። የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የኮፒ ወጪ የሚጠየቀው በዚህ ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይበላሻል፤ በክልሉ ባለው የፀጥታ ችግር ምክንያት ጉዞ የሚስተጓጎልባቸው አካባቢዎችም አሉ። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ልጁን ይዛ ትሂድ ወይስ ለአያቱ ትተው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ አይቻልም ለማለት አይደለም፤ በየክረምቱ የሚያደርጉት ብዙዎች አሉ። ይሁንና ያለ ዕቅድ የሚገባበት አይደለም። አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እጅ ላይ ጥሬ ባለበት ወቅት፣ ለክረምቱ ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ ሐምሌ ላይ ከሚወሰድ ብድር ይሻላል። ከባል፣ ከወላጅና ከጎረቤት ጋር የጉልበት መተካካት ስምምነትም ከምዝገባው በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ዲግሪው በመምህርቷ ስም ቢወጣም የሚማረው ቤቱ ሁሉ ነው።

የቋንቋና የመውጫ ፈተናው ጉዳይ

በከፍተኛ ትምህርት የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ዓመታትን በአማርኛ፣ ያውም በሕፃናት አማርኛ፣ ስታስተምር ለኖረች መምህርት ትልቁ መሰናክል የሚሆነውም ይኸው ነው። የልጅ ዕድገትን ፅንሰ ሐሳብ ሳይቸግራት፣ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማንበብና መልሱን መጻፍ ያቅታት ይሆናል። ከመጀመሪያው ክረምት በፊት ያለውን ዓመት ለዚህ ማዋል ይጠቅማል። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን እንደገና ማንበብ፣ በየቀኑ አንድ አጭር አንቀጽ ስለ ክፍሏ በእንግሊዝኛ መጻፍና በትምህርት ቤቱ ላለው የእንግሊዝኛ መምህር ማሳየት ወጪ የማይጠይቁ መንገዶች ናቸው። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርበው ተተይቦ ነው።

ሌላው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ያላለፈ ተማሪ ዳግም የመፈተን ዕድል አለው፤ ማለፊያውን እስኪያመጣ ግን ዲግሪውን አይዝም። በየክረምቱ ተቆራርጦ ለሚማር ሰው ይህ የተለየ ፈተና ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት የተማረችው ኮርስ ከዓመታት በኋላ ይጠየቃልና። የየኮርሱን ሞጁልና ማስታወሻ ሳይጥሉ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጦ በበጋው መከለስ ከመጨረሻው ጥድፊያ ያድናል።

በዚህ ሁሉ መካከል የመምህርቷ ልምድ ዋጋ የሚያገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የመመረቂያ ምርምሩ ነው። ከክፍል ልምምድ ውጭ ከሕፃናት ጋር ብዙ ያልቆየ ወጣት ተማሪ ርዕስ ፍለጋ ሲቸገር፣ እርሷ ጥያቄው በእጇ አለ። በገበያ ቀን ሕፃናት ለምን ይቀራሉ? ጥጃና ግልገል የሚጠብቁ ልጆች ከመቼ ጀምሮ ከክፍል ይርቃሉ? ከአካባቢው በሚገኝ ሸክላ፣ ቀርከሃና ዘር የተሠራ የመማሪያ ቁስ የቁጥር ትምህርቱን እንዴት ይለውጠዋል? እንዲህ ያለ ተግባራዊ ምርምር ለዩኒቨርሲቲው ጽሑፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለትምህርት ቤቱም መፍትሔ ይዞ ይመለሳል።

ዲግሪው ከክፍል እንዳያስወጣ

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገርለት ጉዳይ አለ። ከፍ ያለ ማስረጃ የያዙ የሕፃናት መምህራን በሕፃናቱ ክፍል የመቆየት ምክንያታቸው እየቀነሰ ይሄዳል። የላይኛው ክፍል ይከበራል፤ «የሕፃናት አስተማሪ» መባል እንደ ዝቅታ ይቆጠራል። ርእሰ መምህሩም ዲግሪ ያላትን መምህርት ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ይፈልጋታል። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ ስለ ሕፃናት በብዛት የተማረችው መምህርት ከሕፃናት ትርቃለች፤ ክፍሏን አዲስና ያልሠለጠነ ሰው ይረከበዋል። ሕፃናቱም እንደገና ከመነሻው ይጀምራሉ።

ይህ የኢትዮጵያ ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ለድሃ ቤተሰብ ሕፃናት የተጀመረው «ሄድ ስታርት» የተባለው መርሐ ግብር፣ በ2007 በወጣ ሕግ እስከ 2013 ድረስ በአገር አቀፍ ደረጃ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ መምህራኑ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ግዴታ ተጥሎበት ነበር። ግቡ ተሳክቷል። ነገር ግን ዲግሪ የያዙ መምህራን የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሄዳቸው የመርሐ ግብሩ የዘወትር ራስ ምታት ሆነ። ማስረጃ ከፍ ሲል የሥራው ክብርና ክፍያ አብሮ ካላደገ፣ ማስረጃው መውጫ በር ይሆናል።

በእኛ አገር የመምህራን የደረጃ ዕድገት ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር አልፎ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል። መሰላሉ አለ። ጥያቄው የሕፃናት መምህርት ክፍሏን ሳትለቅ ትወጣበታለች ወይ የሚለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቀድሞ ያልነበረ ትኩረት ሰጥቷል። ዓለም አቀፉ የዘላቂ ልማት ግብም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ሁሉም ሕፃናት ጥራት ያለው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኙ ይጠይቃል። ይህ የሚፈጸመው በየቀበሌው ባለው ክፍል ነው፤ ክፍሉም የሚቆመው በመምህርቷ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው የመምህርቷ ብቻ ሊሆን አይገባም። ወረዳው ወደ ክረምት ትምህርት ሲልካት በሚያስፈርማት የአገልግሎት ውል ላይ «በሕፃናት ክፍል» የሚል ቃል ቢያስገባ፣ ርእሰ መምህሩ ከዲግሪዋ በኋላ የሕፃናት ክፍሎች አስተባባሪና የጀማሪዎች መካሪ አድርጎ ቢመድባት፣ የጉድኝት ማዕከሉ ልምዷን ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች የምታካፍልበት መድረክ ቢሰጣት፣ ዲግሪው ከአንዲት መምህርት አልፎ ለብዙ ሕፃናት ይደርሳል። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት ከመጠየቅ በፊት ያለውን ምደባ ማስተካከል ይበቃል።

ከመመዝገብ በፊት

ለመቀጠል ያሰቡ መምህራን የሚከተሉትን ነጥቦች አስቀድመው ቢያጣሩ ከብዙ እንግልት ይድናሉ።

1. ተቋሙና ዘርፉ ፈቃድ ያላቸው መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ተቋም ፈቃድ አለው ማለት የሚከፍተው ዘርፍ ሁሉ፣ ወይም በየከተማው ያለው ቅርንጫፉ ሁሉ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ይህን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጣል። ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ የሚመጣ ማጣራት አይጠቅምም።

2. ወረዳውን በጽሑፍ ይጠይቁ። «በዚህ ዘርፍ ብመረቅ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ መደቤ ይያዝልኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ባለሙያ ይቀየራል፤ ደብዳቤ ግን በማኅደር ይቀመጣል።

3. ማስረጃዎችን በበጋው ያሰባስቡ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቀድሞ ኮሌጅ የውጤት ማስረጃ በአንድ ቀን አይገኙም። በተለይ ኮሌጁ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የሚልከው የውጤት ማስረጃ ጊዜ ይወስዳል። በማኅበረሰብ መዋጮ ሲከፈላቸው የነበሩ መምህራን ያን ዘመን የሚያሳይ የቅጥርና የክፍያ ሰነድ ካለ ፈልገው ማያያዝ አለባቸው፤ ያለ ሰነድ ዓመታቱ ላይቆጠሩ ይችላሉ።

4. የአገልግሎት ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ። ስንት ዓመት? የት? ትምህርቱ በሕመም ወይም በወሊድ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ዋስ የሚሆነው ሰውም ምን እንደሚፈርም ማወቅ አለበት።

5. ከአሁኑ መመዝገብ ይጀምሩ፤ በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በማስታወሻ ደብተር። በሳምንት ስለ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች የታየውን ነገር በቀን ለይቶ መጻፍ፣ ኋላ ለኮርስ ሥራም ለምርምርም መነሻ ይሆናል። ዲግሪው ቢዘገይ እንኳ ደብተሩ ለክፍሉ ይጠቅማል።

ዲግሪ የልምድ ምትክ አይደለም፤ ልምድም የትምህርት ምትክ አይደለም። በገጠሩ የሕፃናት ክፍል ዓመታትን ያሳለፈች መምህርት ሁለቱን በአንድነት የመያዝ ዕድል ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት። ዕድሉ ግን ከተመረቀች በኋላም በሚመጣው መስከረም፣ ከእናቱ ነጠላ አልላቀቅም የሚለውን ሕፃን የምትቀበለው እርሷው ራሷ ስትሆን ነው ፍሬ የሚያፈራው።